እርስዎ ያሉኝ ዕለት

ከቆላ ድባ ነው፣ ጎህ ሳይቀድ የወጣሁ፣
አርባ ኬሻ ነጭ ሽንኩርት ጭኜ የመጣሁ፤
አባቴ ከጎኔ፣ ካርዱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣
የዓይን ሐኪም ቀጠሮ፣ «እንዳይረፍድ» ብሎ ብሎ፣
እንቅልፍ ይዞት ሄደ አዘዞ ሳይደርስ፣
አንገቱን በየጉድባው ሲሰብር፣ ሲመልስ።

ሐምሌ ነው። መጥረጊያው በአንድ ክንፍ ይታገላል፤
ሌላኛው ካረፈ ዓመት ይሆነዋል።
ማራኪ ሳልደርስ፣ ከዝናቡ መሐል፣
እጅ ወጣ። ፊሽካ። ቆምሁ።
የማውቀውን ሁሉ በልቤ ቆጠርሁ፦

«አንተ! ና ውረድ!» ነው የለመድሁት ሰላምታ፣
ቁልፍ እየነጠቀ፣ ጎማ በጫማ እየመታ።
ሃያ ሁለት ዓመት ይህን መሪ ስዞር
ስሜ «አንተ» ነበር፣ ያባቴም ስም «አንተ» ነበር።

አፌ ላይ ይቅርታ ተሰናድቶ ጠበቀ፣
እጄ ወደ ኪሴ ሳላዝዘው ዘለቀ፤
እዚያ የተኛችውን የታጠፈች መቶ ብር
ጣቴ ቀድሞ አወቃት፣ እኔ ሳልናገር።

እሷ ግን በቀስታ መስኮቱን አንኳኳች፤
ውኃ ከኮፍያዋ ጫፍ እየወረደ፣ ቆመች።
መስታወቱን ዝቅ ሳደርግ ሽታው ገነፈለ፤
አፍንጫ አልያዘች፣ ፊቷም እንደ ነበረ ዋለ።
«እንደምን አደሩ?» አለች። ዞር አልሁ ወደ ኋላ፤
ለማን ነው ይህ ነገር? ማን አለ ከኔ ሌላ?

«እርስዎን ነው» አለች። «የኋላ መብራትዎ፣
የቀኙ፣ አይበራም። ሰው እንዳይመታዎ
ብዬ ነው ያስቆምሁዎ። መንጃ ፈቃድ አለዎ?»

ዎ። ዎ። ዎ።
ይች አንዲት ፊደል፣ ዝናብ ውስጥ የበራች፣
ከደህናው መብራቴ ይልቅ መንገድ አሳየች።

አባቴ ባነነ። ኮፍያዋን ነው ያየው፤
ፊት ባይለይ እንኳ ዓይኑ፣ ኮፍያን ግን ለየው።
ባርኔጣውን አውልቆ ሊያጎነብስ ሲል
«ኧረ ይልበሱት አባቴ፣ ብርዱ ይመታዎታል።»

ፈቃዴን ተቀብላ፣ ከዝናብ ጋረደችው፣
ስሜን ከነአባቴ ድምፅ አውጥታ አነበበችው፦
«አቶ ጓዴ አይቸው።»
አባቴ ስሙን ሲሰማ ቀና ብሎ ተቀመጠ፤
ኩራት አይሉት ድንጋጤ፣ ከፊቱ አንድ ነገር አመለጠ።

ቅጣቱንስ ቀጣችኝ። አልዋሽም፣ ጻፈች፤
ሕጉንም አላጎደለች፣ እኔንም አላሳነሰች።
ያችን መቶ ብር ስጎትት አየችና
«እሷስ ለአምፖል ትሁን» አለች በትሕትና።

ስሟን ልይ ብዬ ደረቷ ላይ ባይ
የዝናብ ልብስ ሸፍኖታል፣ ግማሹ አይታይ፤
የቀረው «ወርቅ» ይላል።
ጥሩወርቅ ናት? ብርወርቅ? እስከ ዛሬ አላውቅ፤
ሰሙን ዝናብ ጋርዶ፣ ለኔ የቀረኝ ወርቅ።

«መልካም መንገድ» አለች። እኔ ምን አልሁ? ምንም።
ስድብ ቢሆን መልሱ ለምላሴ አይጠፋውም፣
ለደግ ቃል ግን ምላሽ ተለማምጄ አላውቅም።
ክላቹን ረግጬ፣ ማርሽ አስገብቼ
ሄድሁ እንደ ሌባ፣ ምስጋናዋን ይዤ ጠፍቼ።

ሆስፒታሉ በር ላይ አባቴ ጠየቀኝ፦
«የማን ልጅ ናት?» አለ። ምን ልበለው? ጨነቀኝ።

ደረሰኙን አልጣልሁም፤ ከመስታወቱ ሥር፣
ከሥላሴ ሥዕል ጎን፣ ሰክቼዋለሁ በክብር።

አምፖሉን በዚያው ቀን ገዛሁ፣ ቅጣቱን ከፈልሁ፤
በሳምንቱ መጥቼ እዚያው ቦታ ቆምሁ፣
ማንም ሳያስቆመኝ። እሷ ግን የለችም፤
ወጣት ነው። «አንተ! ሂድ! ምን ገተረህ?» አለኝ። አላኮረፍሁትም።
ለእሷ ያጠራቀምሁትን ለእሱ ሰጠሁት፦
«እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ» አልሁት።

ዞር አለ ወደ ኋላው፣
ልክ እንደ እኔ፣
ሰው ፍለጋ።