ተቀባዮቹ

ሰኞ ገበያ ጫፍ፣ ከልብስ ሰፊው ጀርባ፣
የእንቁላል ካርቶን ለብሳ፣ በስፖንጅ ተከባ፣
ስቱዲዮ ትባላለች አንዲት ክፍል ቤቴ፤
የስፌት መኪናው ድምፅ ሲሾልክ በመስኮቴ፣
«ጋሽ ፈንታው፣ ትንሽ ቆይ!» እላለሁ በግድግዳ፤
ያቆማል፣ የስንት ሰው ሱሪ እያለበት ዕዳ።

ሃያ ሁለት ቻናል ነው የዘፈኑ ጓዝ፤
ከበሮው የሙሔ ነው፣ ከነሳሉ የሚያፈዝ።
ተቀባዮቹ ግን ስድስት ሴቶች ናቸው፤
አራቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ ማይክ ቀዳኋቸው።
ሁለቱ የቀሩት፣ ጦይባና ስንዱ፣
እህትማማች ናቸው፤ ሰባት ዓመት ሆነው በየፊናቸው ከሄዱ።
ምክንያቱ ኩታበር ነው፤ የአባት ባሕር ዛፍ፤
አንዷ «ይሸጥ» ስትል፣ አንዷ ስትንሰፈሰፍ።

ማክሰኞ ጦይባ መጣች፣ ጉሙ ጦሳን ሳይለቅ፤
ድምጿን ሰጥታኝ ሄደች፣ ሻይ እንኳ ሳትጠብቅ።
ሐሙስ ስንዱ መጣች፤ ከበር ላይ ጠየቀች፦
«ያቺ ሴት የለችም?»
የለችም።
ተቀረጸች።

መብራት የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ሌሊት ነው ሥራዬ፤
ስድስቱን አንድ በአንድ ስገፋ፣ ስጎትት፣ ዛለ ትከሻዬ።
አንዷ ስትደምቅልኝ አንዷ ትደበዝዛለች፣
ሦስተኛዋ ደግሞ ከከበሮው በላይ ትጮሃለች።
ስለዚህ አሰርኳቸው።
ነገሩ ቀላል ነው፤ ስድስቱን መርጦ «ግሩፕ» የምትለውን መጫን፤
ስድስት ቁልፍ በአንድ ክር፣ አንዱን ከሳብክ ሁሉን።
ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ስድስት ቢጫ ቀለም ቀባኋቸው፤
አንዷን በጣቴ ስገፋ፣ ስድስቱም ሲወጡ አየኋቸው፤
ጦይባ ትንሽ ከፍ፣ ስንዱ ትንሽ ዝቅ እንዳለች፣
በመካከላቸው ያለችው ክፍተት እንኳ እንዳለች።
አንድ አልሆኑም። አብረው ነው የሄዱት።

ቅዳሜ ስንዱ ልትሰማ መጣች።
ሄድፎኑን በሻሿ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።
አዝማቹ ሁለት ጊዜ አለፈ። በሦስተኛው ተነፈሰች፦
«ይቺን ከግራ ጆሮዬ ያለችውን ቀንስልኝ» አለች።
ስሟን አልጠራችም።
ቀነስኩላት።
ጦይባ ስትወርድ ስንዱም አብራ ወረደች፤
የሙሔ ከበሮ ብቻዋን፣ ባዶ ሜዳ ላይ ቀረች።

«እኔስ የት ሄድኩ?»
«አብረሽ ወረድሽ።»
«በል ከፍ አድርገኝ!»
ከፍ አደረግኳት። ጦይባም መጣች፣ ከነትንፋሿ፣
ስንኙ ሊገባ ሲል ጉሮሮዋን ከመጥረጊያዋ።

«ሌላ መንገድ የለውም?»
አለው። አንዲት ቁልፍ ናት መፍቻው።
ጣቴ ማውሱ ላይ ነበር፤ አፌ ነው የቀደመው፦
«ተቆልፏል» አልኳት።

ዝም አለች። ከማዶ የጋሽ ፈንታው መኪና ተርገፈገፈ፤
ልጮህበት ነበር። አልጮህኩም። አለፈ።
ሄድፎኑን አላወለቀችም። «እስቲ ድገመው» አለች፤
«ያቺ... ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቀድማ ትገባለች።
ልጅ ሆነንም እንዲሁ ነበረች።»