የመረብ ዓይን

«ዓርብ ነው» አለችኝ እታገኝ ከበሩ፣
«ዜናችንን ጻፈው፣ ደንበኞች ይማሩ፤
በዚህ ሳምንት ብቻ ምን እንደጨመርን፣
የስንቱን ሰው ገጽ ኩለን እንዳሳመርን።»

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን፣ ከባንኩ በላይ፤
በአንዱ መስኮት ታቦር፣ በሌላው ሐይቁ የሚታይ።
መብራት ሁለቴ ሄዶ፣ ሁለቴ ተመልሶ፣
ጦና ጄኔሬተሩን ሊቀሰቅስ ወርዶ፣ መጣ እጁን በናፍጣ ለውሶ።
ጠቋሚዋ መስመር ነጩ ገጽ ላይ
ብልጭ፣ ድርግም ትላለች፦ «ታዲያስ? ወሬ የለም ወይ?»

ምን ልጻፍ?
ገጹ በግማሽ ሰከንድ ቀድሞ መከፈቱን?
የአንዲት አዝራር ቀለም ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ መለወጡን?
ወይስ የሆቴሉ ባለቤት
«የዋና ገንዳዬን ፎቶ ከሐይቁ አስበልጡልኝ» ማለቱን?

የማክሰኞውን ነው መጻፍ የነበረብኝ።

ሀመሶ ቃሚሶ መጡ፣ ከዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር፣
ቦቲያቸው ደረጃውን እያረጠበ፣ ቅርፊት በእጅጌያቸው ዳር።
አሥራ ሁለት ቆሮሶ በፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ፤
«ቀብዱ ይኼ ነው፤ ቀሪው ሲያልቅ» ብለው ተናገሩ።
እኛ ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

ሥራውን አሳየኋቸው፤ ሆቴሎች ካሉበት ሆነው
ዓሣ እንዲያዝዙ ነበር የጠየቁን።
«ይኼ ቅጽ ነው አባባ፤ ገዢ ሁሉ ይሞላዋል፤
ስሙን፣ ያባቱን ስም፣ ልደቱን፣ ደሞዙን፣ የት እንደሚውል፣
ያገባ እንደሆነ፣ ስንት ልጅ…»
«ይኼ ሁሉ ለአንድ ኪሎ አምባዛ?»
«መረጃ ነው» አልኳቸው፣ «ነገ ገንዘብ የሚገዛ።»

ስክሪኑን በአውራ ጣታቸው ነኩት፣
እንደ ገበያ ጨርቅ ዳር ዳሩን ዳሰሱት።
«ድር ነው ያልከኝ? መረብ ነው ያልከኝ?
እስቲ ዓይኑ ስንት ጣት ነው? ለክተህ አሳየኝ።»

ዝም አልኩ።

«እኛ ጋ አንድ ጊዜ መረብ መጥቶ ነበር፣ በርካሽ፤
ክሩ የማይታይ፣ ዓይኑ ጠባብ፣
ጨቅላውን፣ ገና ያልወለደችውን፣ ሁሉን አፋሽ።
የመጀመሪያው ዓመት ሠርግ ነበር፤ ሣጥን ሞላ፣ ልጅ ተዳረ።
በሁለተኛው ጀልባው ባዶ ሄዶ ባዶ አደረ።
በሦስተኛው አባ ኮዳዎቹ እንኳ አሞራ ገደልን ትተው
ቄራው በር ላይ ቆሙ፣ አንገታቸውን ደፍተው።
አየህ፣ ጥሩ መረብ» አሉ፣ ፌስታሉን ወደኔ እየገፉ፣
«የሚበሉት ይያዙ፣ የሚያድጉት ይለፉ።»

ወረዱ።
ደረጃው ላይ ቅርፊት ቀረ፣ እንደተበተነ ሳንቲም።

ማታውኑ ቅጹን ከፈትኩ። ልደት፣ ሰረዝኩ።
ደሞዝ፣ ሰረዝኩ።
«የት ትውላለህ?» የሚለውን፣
እኔ ራሴ ብጠየቅ የምዋሽበትን፣ ሰረዝኩ።
ሦስት ቀሩ፦ ስም፣ ስልክ፣ ስንት ኪሎ።
እታገኝ አየችው፣ ቅንድቧ ተሰቅሎ፤
«ባዶ ነው!»
«ዓይኑን አስፍተነው ነው» አላት ጦና፣
የተጠበሰውን ቆሮሶ እሾህ እየለቀመ።
እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች።
አንድ ዓሣ አንስታ ወጣች።

እናም ይኸው ዓርብ። ከአላሙራ በኩል ይነፍሳል፣
መብራቱ ሄዶ ይመለሳል፣
ባትሪዬ ዘጠኝ በመቶ ይላል።
እጽፋለሁ፦

«ውድ ደንበኞቻችን፣
በዚህ ሳምንት የጨመርነው የለም።
አሥራ አንድ ጥያቄ ቀንሰናል።
የቀረውን ጠይቃችሁን ነበር፤ ይቅርታ።»

«ይኼ ደግሞ ዜና ነው?» ትለኝ ይሆናል።
«ላክ» የሚለውን ተጫንኩ።
መብራት ሄደ።
ይድረስ አይድረስ አላወቅሁም፤
ጣቴ ላይ ግን የማክሰኞ ቆሮሶ
ሽታው እስካሁን አልለቀቀኝም።