ወንበሩ ላይ ማን ነበር?

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰማያዊ ቀለም
ከጥፍሬ ሥር ሰፍሮ ለቅቆኝ አያውቅም፤
በአቬሮ ከተማ፣ ከቦዩ ዳርቻ፣
ሴራሚክ እሥላለሁ፣ ሥራዬ ይህ ብቻ፤
መርከብ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ የወይን ሐረግ፣
የቅዱሳንን ፊት፣ ገዢው እንደሚፈልግ።

ሲልቬሪዮ አለቃዬ፣ ማንም በሌለበት፣
«እጅሽ ወርቅ ነው» ይላል፣ ለስልሶ አንደበት።
ሰው ሲሰበሰብ ግን፣ በምሳ ሰዓት ላይ፣
ሥዕሌን አንጠልጥሎ፣ «እስቲ ይሄ ዓሣ ነው ወይ?»
ይሣቃል። እሥቃለሁ። ምን ላድርግ ታዲያ?
ሣቅ ነበር በዚያ ቤት የወር ኪራይ መክፈያ።

ሽንት ቤት ለመሄድ ግዴታ ነው እጅ ማንሣት፤
ደቂቃዋን ይጽፋል፣ አያውቅም መርሳት።
ስልኬ በውድቅት ይጮኻል፤ «ነገ በጊዜ ነዪ።»
ዘግይቼ አላውቅም። «ብቻ አትዘግዪ።»
«እኛ ቤተሰብ ነን» ይላል ደጋግሞ፤
እናቴን ስቀብር ስልኬ ጮኸ ደግሞ።

ለዓሣ ገበያው ግድግዳ የሣልኩት፣
አራት ወር አጎንብሼ ወገቤን ያጣሁበት፣
ሲመረቅ ሄጄ የታች ጥጉን ባየው
የእሱ ስም ነው ያለው። የእኔን ቀለም ሸፈነው።

አልጮኽኩም። ብሩሼን በሙቅ ውኃ አጠብኩ፣
በጋዜጣ ጠቅልዬ ከቦርሳዬ ጨመርኩ።
ሠላሳ ደረጃ ነው፤ ስወርድ ቆጠርኩት፤
አንዱንም ተመልሼ ዞሬ አላየሁት።

እህቴ ዙልሚራ፣ «ያገኘሽውን ያዢ፣
ኪራይ ቀን አይሰጥም፣ እባክሽ አትፍዘዢ።»
እውነቷን ነው። ግና እባብ አይቻለሁ፤
ልጥም ሲንቀሳቀስ እበረግጋለሁ።
ከእሳት ወጥቶ ረመጥ ምኑ ነው ማምለጡ?
ስንቶች አሉ እንዲህ ዘለው የተቀመጡ?

ኢልያቩ መንደር ሠዓሊ ፈልገው
«ሐሙስ ነይ» ቢሉኝም፣ ረቡዕ ሄድኩ፣ ላየው።
ከአውቶቡስ ፌርማታው፣ ከበሩ ፊት ለፊት፣
ዝናብ እየመታኝ፣ ልክ በአሥራ አንድ ሰዓት።
ሰው ከሥራ ሲወጣ ጀርባው ይናገራል፤
የሸሸ ይሮጣል፣ የፈራ ይጎብጣል።
አንዲት ልጅ ወጣችና፣ ጃንጥላዋን ረስታ
ተመልሳ ገባች፤ ደግሞ ወጣች ፈንድታ
በሣቅ። ምን እንዳሣቃት አልሰማሁም ከሩቅ፤
ግን ለየሁት፤ የኪራይ አልነበረም ያ ሣቅ።

ኃላፊዋ ስሟ አዶዚንዳ ይባላል፤
እጇ እስከ ክርኗ ድረስ ጭቃ ሞልቶታል።
«ጥያቄ አለሽ?» አለች። ነበረኝ፣ የጻፍኩት
በዓሣ ደረሰኝ ጀርባ፤ ዘርግቼ አነበብኩት፦
«ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ ማን ነበር?
ለምን ሄደች? ስልኳን ይዤ ልነጋገር?
ሸክላ ከምድጃ ተሰንጥቆ ሲወጣ
መጀመሪያ ማነው ስሙ የሚመጣ?»

ዝም አለች። ከጥግ በኩል ምድጃ የሚያነደው
ፊርሚኖ ሽማግሌው ሣቁን ለቀቀው፤
«ትሳደባለች» አለ፤ «ምድጃውን፤ አንቺን አይደለም።
ከዚያ ሙቀቱን ታያለች። ሌላ ነገር የለም።»
አዶዚንዳ ቀላች። ስልክ ቁጥሩን ጻፈች፤
«ሴትዮዋ ደመወዝ አንሷት ነው የሄደች፤
ልደብቅሽ አልችልም፣ ዛሬም ትንሽ ነው» አለች።

ማታ ደወልኩላት። ልጅ ያለቅሳል ከኋላዋ።
«ክረምት ይበርዳል፤ ካልሲ ደርቢ» ነበር ምላሿ።
ስለ ኃላፊዋስ? ዝም ብላ ቆየች።
«ሰላም በያት» አለች።

ሰኞ ጀመርኩ እንግዲህ፣ ካልሲ ደርቤ ሁለት።
ምድጃው ይነዳል፣ ዘጠኝ መቶ ዲግሪ ሙቀት።
ሸክላ እሳት ሲያልፍበት ቀለሙ ይጸናል፤
እኔን ያነደደኝ ግን ምኔን አጽንቶኛል?

አራት ሰዓት ገደማ ብሩሼን አኖርኩና
እጄን አነሣሁኝ፣ ሳላስበው፣ ልማድ ነውና።
ክፍሉ ጸጥ አለ። ማንም አልተናገረ።
ፊርሚኖ እጄን አየው። ቀስ ብሎ ወደኋላው ዞረ፣
ማን እንዳለ ፈለገ፤ ግድግዳ ብቻ ነበረ።

«ማንን ነው» አለኝ፣ «የምትጠይቂው?»

እጄ አየር ላይ ቀረ።
ሰማያዊ ጥፍሬን አየሁት።
ተነሥቼ ሄድኩ።