የሚበላ አጥር

ኮቺ፣ ከቤቴ ጀርባ፣ ሁለት ፍየል አለኝ፤
የፉርሽካው ዋጋ ግን ከሥሬ ነቀለኝ።
ጓሮዬ? አንድ አንሶላ ሲሰጣበት ሞልቷል፤
የግራዋዋም ቅጠል እስከ ግንዷ ጠፍቷል።

ማታ ማታ ታዲያ ጆንያ አንጠልጥዬ
የቃሚ ደጅ አንኳኳሁ፣ «ገረባ አለ?» ብዬ።
ሰው ለጋውን ቅሞ፣ ሲፈላሰፍ አምሽቶ፣
ገረባውን ጥሎ ይሄዳል ተነሥቶ።
ቡሬም መረቀነች! እኩለ ሌሊት ላይ
ቆማ ታመሰኳለች፣ ዐይኗ ወደ ሰማይ።

ከአጂፕ ጭማቂ ቤት የሙዝ ልጣጭ ለመንኩ፤
የአቮካዶ ቅጠል ግን ይቅር፤
ዐምና አንዲት ግልገል በዚሁ ጦስ ቀበርኩ።

ከሁለት ክረምት በፊት፣ ከአባ ራያ ድንበር፣
ሰስፓኒያ ተከልኩ፤ ተጣልተን ነበር።
እንዳያየኝ ብዬ፣ እንዳላየው ብዬ፣
የአንድ ክንድ መሬት ቂም እያጠጣሁ አብቅዬ።

በቀለ፤ ረዘመ። ፍየል ግን ቂም የላት፣
ጠዋት አንድ እቅፍ፣ ማታ አንድ እቅፍ አለች፤ ቆረጥኩላት።
ከራስ ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ወገብ፣
አጥሬ ዝቅ ሲል በፍየሎች ረኀብ፣
አንድ ቀን ቀና ብል፣ የአባ ራያ ኮፍያ፣
ከኮፍያው ሥር ሽበቱ፣
ከሽበቱ ሥር ዝም ያለ ፊቱ።
«የስኳር ድንች ሐረግ አለ» አለኝ፣ «ቆፍሬ ጨርሻለሁ፤ ይወሰድ ከዚያ።»

ሰላም አልተባባልን። በአጥሩ ላይ ሰጠኝ፤
ምን እንደምለው ሳስብ
ቡሬ ከእጄ መንጭቃ ከነሐረጉ ጎተተኝ።

አጥሩ አቆጥቁጧል ዛሬ፤ ክረምቱም ገና ነው፤
ማጭዴን ስያለሁ፣
ከወገብ እንዳያልፍ ነው።