የታንኳ ዕድሜ

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ መብራት ሄደ ደግሞ፤
ጣና አይታይም፣ ይሰማል አዝግሞ።
ጄኔሬተሩን ስስበው፣ አስሎ ዝም ይላል፤
ቤንዚን የሸጠልኝ ውሃ አክሏል ይመስላል።
ዶክተር ባንቺአምላክ፣ እንደታመመ ልጅ
ፍሪጁን አቅፋ፣ «ሙሄ፣ ኧረ ፍጠን እንጅ!»

በፍሪጁ ያለው አሳ ነው፤ አሳም አይደል፣
ከነጭ አሳ ከንፈር የተቀዳ ቃል።
አርኤንኤ ትለዋለች። ድንገት ብነካው
የጣቴ ወዝ ብቻ ይበቃል ሊያጠፋው።

ስታስረዳኝ ጊዜ፣ ያኔ በመጀመሪያ፣
«ሕዋስ ውስጥ ደሴት አለ፣ መጽሐፍ ማኖሪያ፤
መጽሐፉ አይወጣም፤ ቃሉ ተገልብጦ
ወደ ዳር ይሻገራል፣ ጀልባ ላይ ተቀምጦ።
ጀልባውም ወዲያው ይፈርሳል» አለች።
«ታንኳ ነዋ!» አልኳት።
ሳቀች።

አባቴ ደንገል አሳሪ ነበር፣ ሽምብጥ ዳር፤
ታንኳ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል ሲያድር።
ወር ነው ዕድሜው፣ ሁለት ወር፤ ከዚያ አይሆንም ለሸክም።
አባቴ አላዘነም፤ አዲስ ያስር ነበር ሁልጊዜም።

«ካረጀስ?» አለችኝ፣ «ሲያረጅ ምን ታደርጉት?»
«ልጆች ነን፤ ቁራጩን ማን ይሰጣል ለእሳት?
የተጣላነው ልጅ፣ ታንኳው እንዳይሄድ፣
በዚያች ቁራጭ ደንገል እናስረው ነበር ከግንድ።»

ዝም አለች። እስክሪብቶዋን ከጥርሷ አላወጣች።
ሰባት ወር ሙሉ ትራፊ ነው ብላ የደፋቻት፣
ከሃያ ፊደል እምብዛም የማትበልጥ ቁራጭ —
በማግሥቱ ፈለገቻት።
አገኘቻት፤ አላመነችም። ደገመች።
ዐቢይ ጾም ገባ፣ ደግሞ ደገመች።
ለፋሲካ አመነች።

አንድ መጽሐፍ ነው ያላቸው እነዚህ ነጭ አሶች፣
አንዱ ወፍራም ከንፈር፣ አንዱ ስስ፣ ወንድማማቾች።
ቁራጯ መልእክቱን መንገድ ላይ ትይዘዋለች፣
ከስሱ ከንፈር ጀርባ አስራ ታስቀረዋለች።
ልዩነቱ በተጻፈው አይደለም፣
በደረሰውና ባልደረሰው ነው።

አሁን ሰው ሁሉ ስሟን ይጠራል።
እኔ የማስበው ሌላ ነው።
አባቴ ባለፈው ኅዳር ሄደ።
የደንገሉን አመራረጥ፣ የጥፈራውን ነገር
ነግሮኛል፤ ደጋግሞ ነግሮኛል፤
እጄ ግን አያውቅም።
መሃል ላይ ምን ያዘው? ከየትኛው ግንድ?

«ሙሄ!»
ገመዱን ሳብኩ። አሳለ። ሳብኩ።
ተነሣ።
ብርሃኑ በመስኮት ወጥቶ ውሃው ላይ ተኛ፣
ትንሽ መንገድ ሄዶ፣
ደሴቶቹ ጋ ሳይደርስ።