ቴሌርቮ መኪናዋን ስትቃኝ

ኦውሉ፣ በየካቲት፤ ጋራዡ ውስጥ ቆመን፣
አክስቴ ቴሌርቮ፣ እኔ፣ አሮጌው ሳብ፤ ሦስት ሆነን።
ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት፤ ካቻቢቴው ጣት ይነክሳል፤
እሷ ጓንቷን አውልቃለች፤ እጇ ሽቦ ይዳስሳል።

ዐርባ ዓመት ፒያኖ ስትቃኝ ኖራ፣
የየትምህርት ቤቱን የላላ ክር ስታከር፣ ስትገራ፣
ጡረታ በወጣች ማግሥት የጠየቀችኝ አንድ ነገር፦
«ኮምፒውተር ግጠምልኝ፣ መኪናዬ ውስጥ፣ ከድምፅ ማጉያ ጋር።»

ምን ልትሰማበት? ቀድታ ያኖረችው ሺህ ምናምን ፋይል አለ።
ዜማ የለበትም።
የእያንዳንዱ ፒያኖ «ላ» ነው፤
ሳይቃኝ በፊት አንዴ፣ ከተቃኘ በኋላ አንዴ።
ይህንን ማን ይሰማዋል? አልኩ በሆዴ።

ከባትሪው ራስ ቀዩን ወፍራም ገመድ ሳብኩ፣
አንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ አሰርኩ፣
ብረቱን በስቼ፣ በጎማ አፍኜ፣ በምንጣፉ ሥር አሳለፍኩ፣
ከወንበሩ ግርጌ ትንሿን ሳጥን አሳረፍኩ።

ቁልፍ አዞርኩ።
ሞተሪኖው አንዴ ሲያጓራ የባትሪው ጉልበት ተሟጠጠ፣
ስክሪኑ ብልጭ አለና፣ ቃሉን ሳይጨርስ አቋረጠ።
ደገምኩ፤ ያው ነው። ሞተሩ ሲነቃ እሱ ይሞታል።
«አንዱ ሲነሣ አንዱ ይወድቃል፤» አለች፣ «የላይኛዎቹን ባልና ሚስት ይመስላል።»

ቮልቱን የሚያረጋ ዕቃ ከታምፔሬ በፖስታ አስመጣን፤
ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ በዐሥረኛው ተመልሰን ጋራዥ ገባን።
ሞተሩ ተነሣ፤ ሳጥኑ አልደነገጠም፤
የመጀመሪያው «ላ» ተሰማ፤ ግን ብቻውን አልመጣም።
ከሥሩ ቀጭን ፉጨት፣ እንደ ትንኝ፣ ጆሮ የሚበሳ፣
ነዳጅ ስሰጥ የሚወጣ፣ ስለቅ የሚወርድ፣ እንደገና የሚነሣ።

«ዲናሞው ነው፤» አልኩ፣ «ማሳው ደክሞ ነው የሚያፏጨው።»
እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ «ዝም በል! ሲ ቤሞል ነው፤ ትንሽ ወረድ ያለ ነው።
እስኪ ርገጠው... ዶ። አሁን ሬ ደረሰ።»
ጉንጯ ቀላ፤ ዕድሜዋ ሃያ ዓመት ቀነሰ።

እሑድን ሙሉ ማሳ ፍለጋ ስንዳክር ዋልን፤
ውጭ ማሳው ሁሉ በረዶ ለብሶ፣ እኛ ወንበር ሥር በደረታችን ተኛን።
ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅን፣ ራቁት ብረት እስኪያበራ፣
ጥቁሩን ገመድ በብሎን አሰርን፣ ከቻሲው ጋራ።

አስነሣሁት።
ጸጥታ።
ከዚያ የሃውኪፑዳስ ሰንበት ትምህርት ቤት «ላ»፤ የላላው፣ ቀጥሎ የተቃኘው፤
ከዚያ የኪሚንኪ መምህር፤ ከዚያ ስሙ የተረሳ ሆቴል፣
ሁሉም ጥርት ብሎ፣ እንደ ውኃ ጠብታ ሲል።
አምስተኛው ላይ አጠፋችው።
መስኮቱን በክርኗ ጠረገች፤ ዝም አለች።
«ጀልማሪ፣ ብሎኑን ትንሽ አላላው፤» አለች።

አላላሁት። ምን ላድርግ?

አሁን በኬሚ መንገድ በየሐሙሱ ትነዳለች፣
ክሩሽኮቱን ሳታይ ፍጥነቷን ታውቃለች፦
በአራተኛ ማርሽ፣ ፉጨቱ ሚ ከነካ፣ ሰማንያ ነው፤
ፋ ከሆነ እግሯን ታነሣለች።
ብቻ፣ አንድ ቀን ፖሊስ ቢያስቆማት
ምን ብላ እንደምታስረዳው እንጃ።