የፊደል ዋጋ

ሱቄ ከጦሳ ግርጌ ነው። ነሐሴ ላይ ጭጋግ ሲወርድ
ሳይጠየቅ ገብቶ ይቀመጣል፣ እንደ ባለ ዕዳ ዘመድ።
ስሜ ይመር ነው። የወሎ ስም፤ ሃይማኖቴን አይናገር፤
ለቄሱም ለሼኹም እጠርባለሁ፣ ድንጋይ በማይጠፋበት አገር።
የማስከፍለው በፊደል ነው። ስም ሲረዝም ሒሳብ ይረዝማል፤
ሐዘንተኛ ይህን ሲሰማ ሙገሳውን ያሳጥራል።

አረጋና ጥሩአየሁ መጡ፣ የወይዘሮ አንጓች አሊ ልጆች፣
አንድ ጃንጥላ ለሁለት የያዙ፣ አንድ አፍንጫ የወረሱ ሰዎች።
ስሟ አላጣላቸውም፣ ዓመተ ምሕረቱም አላጣላ፤
የተጋጩት ከስሟ በላይ ነው፣ በድንጋዩ አናት፣ በባዶው ገላ።

«‹በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ› ብለህ ጀምር» አለኝ አረጋ፤
«በዚህ ነው እናቴ የምታማትብ፣ ሲመሽም ሲነጋ።»
በከሰል ቆጠርኩ፤ አሥራ ሰባት።
«‹አሐዱ አምላክ› ጨምርበት።»
ሰባት ሌላ።

እሷ ግን «‹በኢየሱስ ስም›» አለች፤ «ከዚህ ወዲያ አይጨመር።»
ይህም ሰባት። ያው ሰባት። (ቆጠርኩት፤ ልማድ ነው፣ ይቅር።)

«‹በስም› ይላል መጽሐፉ፣ መቼ ‹በስሞች› ይላል?
አብም ወልድም ማዕረግ ነው፤ ስሙማ አንድ፣ ይታወቃል።
ጋሽ ይመርን እየው እስቲ፤ ለልጁ አባት፣ ለእናቱ ልጅ፣
ለሚስቱ ባል፤ ማን ቆጠረው ሦስት ሰው አርጎ በዚህ ደጅ?»
ሳላስበው ራሴን ዳሰስኩ።
አንድ ነኝ። ወገቤን ያመኛል።

«እሺ» አለ አረጋ፣ «ዮርዳኖስ ላይ ልጁ ውኃ ውስጥ ቆሞ ሳለ
ከላይ ሆኖ ‹ልጄ ይህ ነው› ማነው ታዲያ ለማን ያለ?
ፀሐይን እያት! ክበብ አላት፣ ብርሃን አላት፣ ሙቀት አላት፤
‹ሦስት ፀሐይ ወጣች ዛሬ› ብሎ እህል ያሰጣ የት አለ፣ የት?»
ሦስታችንም ወደ ውጭ አየን።
ፀሐይ የለም። ጭጋግ ብቻ።

ስልክ ጮኸ። ከከሚሴ ነው፣ ትንሹ ወንድም፣ እንዳሻው፤
ሙሉ ወንጌል ነው እሱ ደሞ፤ በድምፅ ማጉያ ሰማነው፦
«ሥላሴስ ልክ ነው፣ አረጋ፤ ግዕዙን ግን ተወውና
በአማርኛ ይጻፍ፣ ሰው ያንብበው!» — ሌላ ቀዳዳ ከፈተና
ኔትወርክ የለም፣ ተቋረጠ።

«ቦርከና ዳር ስጠመቅ እማዬ ቆማ ነበር፤ አልቅሳለች።»
«ነፋሱ ነው ያስለቀሳት።»
«አንተ መቼ ኮምቦልቻ መጣህ? ሦስት ዓመት ከኔ ነበረች!»

እኔ ቦሩ ሜዳን አሰብኩ፤ ከዚህ ሩቅ አይደለም መቼም።
አባቶች እዚያ ተሰብስበው ልደት ሲቆጥሩ፣ የተረታው በግድ ዝም።
ዝምታውን የጻፈለት ጠራቢ አልሰማሁም፤
ድንጋዩ አለ፣ ሜዳው አለ፣ እኔም ብጠየቅ አልቀርም።

«እሷስ» አልኩ፣ «እሷ ራሷ ምን ትል ነበር?»
ዝም አሉ።
ቆይታ ጥሩአየሁ፣ ጃንጥላውን እየዘጋች፦
«ስትደናቀፍ ‹ሥላሴ!› ነው። ያን ሌሊት ግን ‹ጌታዬ› አለች።
አንዴ ብቻ። ከዚያ ውኃ ጠየቀችኝ።»
አረጋ ይህን አልሰማም ነበር።
መሮዬን አነሣ፣ አየው፣ አስቀመጠው።

ስሟን ጠረብኩ፣ ዓመቷንም። አናቱን አልነካሁትም፤
አለሰለስኩት ሦስት ቀን፣ እንደሱ የደከምኩበት የለም።
«ባዶው ስንት ነው?» አለኝ አረጋ።
ከፊደሉ ይበልጣል ብዬ ነገርኩት፤
ተከራከረኝ፤ እህቱም አገዘችው፤ በዚህስ ተስማምተው አየሁት።

ባርባዋ በመቃብሩ አለፍኩ፣ ሌላ ድንጋይ አስጭኜ።
ጥሩአየሁ ባዶው ላይ ነበረች፣ በርጥብ ጣት፤ ወንድሟ አጠገቧ፤
ቀጥሎ እሱ ጻፈ፣ እርጥቡ ላይ፣ ሳይደርቅ።
ቆሜ አየሁ። በፊደል የምኖር ሰው፣
ስንት እንደሆነ አልቆጠርኩም።